የማዘርቦርድን ብቃት መመዘን

ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ የአስረጂ ድርሰት ምሳሌ ነው። አስረጂ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለማያውቀው አንባቢ ግልጽ አድርጎ የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። ምንባቡን በመጀመሪያ ሳታቋርጡ አንብቡ። ለሁለተኛ ጊዜ ስታነቡት ግን እያንዳንዱ ክፍል የያዘውን ፍሬ ነገር በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

ሀ. የጥያቄው መነሻ

ሁለት ሯጮች አሉ እንበል። አንደኛው በሜዳ፣ ሁለተኛው በዳገት አሥር አሥር ኪሎ ሜትር ሮጡ። በሜዳ የሮጠው ባነሰ ጊዜ ጨረሰ። ከዚህ ተነሥተን «የመጀመሪያው ሯጭ ይፈጥናል» ለማለት እንችላለንን? አስተዋይ ሰው ሁሉ «አይቻልም» ብሎ ይመልሳል። የጊዜው ልዩነት ከሯጮቹ ጉልበት የመጣ ይሁን ከመንገዱ ጠባይ ተለይቶ አልታወቀምና። ሁለቱን በአንድ መንገድና በአንድ ዓይነት አየር አስሩጠን ካልለካን በቀር ፍርዳችን ፍርድ አይሆንም።

ይህን እውነት በሩጫ ጊዜ የማይስተው ሰው ኮምፒዩተር ሲገዛ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁለት ማዘርቦርዶች ተቀምጠው የአንደኛው ዋጋ የሌላው እጥፍ ቢሆን፣ በማሸጊያው ካርቶን ላይ የታተመውን ትልቅ ቁጥር አይቶ «ውዱ ይፈጥናል» ብሎ ይደመድማል። ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ፣ ከምን ጋር እንደተወዳደረና በምን ሁኔታ እንደተለካ አይጠይቅም። አንድ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ሃያ ኮምፒዩተሮች የሚያሠራ ቢሆን፣ እንዲህ ባለው ድምዳሜ የሚባክነው ገንዘብ ሌሎች ኮምፒዩተሮች ወይም መጻሕፍት ሊገዙበት ይችል ነበር። ስለዚህ የማዘርቦርድ ብቃት እንዴት እንደሚመዘን ማወቅ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ለ. ማዘርቦርድ ምንድን ነው?

ማዘርቦርድ የኮምፒዩተር ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበትና እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት ሰፊ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ስሙ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ሲሆን ቃል በቃል ሲተረጎም «እናት ሰሌዳ» ማለት ነው። ስሌት የሚሠራው ፕሮሰሰር፣ በሥራ ላይ ያለውን መረጃ የሚይዘው ራም፣ መረጃ የሚከማችበት ዲስክና ምስል የሚያዘጋጀው የግራፊክስ ካርድ በዚህ ሰሌዳ አማካይነት ይገናኛሉ።

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እንዲሉ፣ ማዘርቦርድን በአንድ ከተማ ልንመስለው እንችላለን። ፕሮሰሰሩ ፋብሪካ፣ ራሙ በፋብሪካው አጠገብ ያለ መጋዘን፣ ዲስኩ ደግሞ ከከተማው ዳር ያለ ትልቅ ጎተራ ነው። ማዘርቦርዱ ራሱ ግን ፋብሪካም መጋዘንም አይደለም። የእርሱ ተግባር ሦስት ነው። አንደኛ፣ መረጃ የሚመላለስባቸውን መንገዶች ይዘረጋል። ሁለተኛ፣ ለየክፍሉ የሚያስፈልገውን የኤሌክትሪክ ኃይል ያከፋፍላል። ሦስተኛ፣ ባዮስ በሚባለው ፕሮግራም አማካይነት እያንዳንዱ ክፍል በምን ፍጥነትና በምን ያህል ኃይል እንደሚሠራ ያዛል።

ከሦስቱ ተግባሮች ሁለተኛው ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በፊዚክስ ትምህርት የተማራችሁትን ቀመር አስታውሱ፤ ኃይል የቮልትና የአምፔር ብዜት ነው። ፓወር ሰፕላይ ከሚባለው ክፍል ወደ ማዘርቦርዱ የሚመጣው 12 ቮልት ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ የሚፈልገው ግን ወደ አንድ ቮልት የሚጠጋ ነው። አንድ ፕሮሰሰር በ1.2 ቮልት 120 ዋት የሚወስድ ቢሆን፣ ማዘርቦርዱ 100 አምፔር ያለማቋረጥ ሊያቀርብለት ይገባል። ይህን ሥራ የሚሠሩት በፕሮሰሰሩ ዙሪያ የተደረደሩ የቮልት መቀነሻዎች ናቸው። እነርሱም በሥራ ብዛት ይግላሉ፤ ከመጠን በላይ ሲግሉም ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ይገደዳል።

ሐ. ማዘርቦርድ ብቻውን አይለካም

እዚህ ላይ አንድ ችግር እናገኛለን። ማዘርቦርድ ያለ ፕሮሰሰር አይሠራም፤ ያለ ራምም አይሠራም። ስለዚህ የሚለካው ምንጊዜም ሙሉው ኮምፒዩተር እንጂ ማዘርቦርዱ ብቻ አይደለም። ታዲያ ከተገኘው ውጤት ውስጥ የማዘርቦርዱን ድርሻ እንዴት ለይተን እናውቃለን?

መልሱ ከሯጮቹ ምሳሌ የሚገኝ ነው። ሌላውን ሁሉ አንድ አድርገን ማዘርቦርዱን ብቻ መለወጥ ያስፈልጋል። ያው ፕሮሰሰር፣ ያው ራም፣ ያው ዲስክ፣ ያው ፓወር ሰፕላይና ያው ማቀዝቀዣ ከአንዱ ማዘርቦርድ ተነቅሎ በሌላው ላይ ይሰካል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ልዩነት፣ ሌላ የተለወጠ ነገር እስከሌለ ድረስ፣ የማዘርቦርዱ ነው ለማለት ይቻላል።

ይህ ልዩነት በቀድሞው ጊዜ ከዛሬው የሰፋ ነበር። ራምን የሚቆጣጠረው መሣሪያ ከፕሮሰሰሩ ውጭ በማዘርቦርዱ ላይ የተተከለ ቺፕ ስለነበር፣ የቺፑ ጥራት የኮምፒዩተሩን ፍጥነት በግልጽ ይለውጠው ነበር። ነገር ግን ኤ.ኤም.ዲ. የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣቸው ኦፕተሮንና አትሎን 64 በተሰኙ ፕሮሰሰሮች፣ ኢንቴልም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የመጀመሪያው ኮር አይ ሰባት ይህን መቆጣጠሪያ ወደ ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ወዲህ ያው ፕሮሰሰር በተመሳሳይ ትእዛዝ ሲሠራ፣ በርካሽ ማዘርቦርድና በውድ ማዘርቦርድ ላይ የሚያሳየው የስሌት ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ የተቀራረበ ሆኗል።

ይህም ሲባል ማዘርቦርዶች ሁሉ እኩል ናቸው ማለት አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ ሳታ በሚባለው መስመር የሚያገናኝ ዲስክ በሰከንድ ከ600 ሜጋባይት በላይ ሊያሳልፍ አይችልም። አራት መስመር ያለው የሦስተኛው ትውልድ ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ መሰኪያ በሰከንድ ወደ 3.9 ጊጋባይት ሲያሳልፍ፣ የአራተኛው ትውልድ ወደ 7.9 ጊጋባይት ያሳልፋል። በሰከንድ 7 ጊጋባይት የማንበብ አቅም ያለው ዲስክ የሦስተኛው ትውልድ መሰኪያ ብቻ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ቢሰካ፣ አቅሙ በግማሽ ገደማ ይታሰራል። እንግዲህ ማዘርቦርድ ስንመዝን የምንጠይቀው «ስንት ፍጥነት ይጨምራል?» ብለን ሳይሆን «የሌሎቹን ክፍሎች አቅም ሳይገድብ ያሠራልን?» ብለን ነው።

መ. የመለኪያዎቹ ዓይነት

ለመመዘኛነት የሚያገለግል ፕሮግራም በእንግሊዝኛው ቃል «ቤንችማርክ» ይባላል። ቃሉ የመጣው ከመሬት ቀያሾች ሙያ ነው። ቀያሾች የቦታዎችን ከፍታ ሲለኩ በድንጋይ ላይ ቋሚ ምልክት ይቀርጹ ነበር፤ የሌሎቹም ቦታዎች ከፍታ ከዚያ ምልክት አንጻር ይለካ ነበር።

በኮምፒዩተር ሙያ ከቀደሙት መመዘኛዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1972 በእንግሊዝ አገር የተዘጋጀው ዌትስቶን ነው። እርሱም ኮምፒዩተር የአስርዮሽ ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች ለማስላት ያለውን ፍጥነት ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ድራይስቶን የተባለው ተከተለ። እነዚህና እነዚህን የመሳሰሉት ሰው ሠራሽ መመዘኛዎች ይባላሉ፤ ለመለካት ተብለው የተጻፉ እንጂ ለሌላ ጥቅም የሚውሉ አይደሉምና። ሁለተኛው ዓይነት መመዘኛ ሰዎች በዕለት ተዕለት የሚሠሩትን እውነተኛ ሥራ፣ ለምሳሌ ትልቅ ፋይል ማመቅን ወይም ቪዲዮ መለወጥን፣ በሰዓት መለካት ነው።

ሁለቱም ዓይነቶች የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። ሰው ሠራሹ መመዘኛ የአንዱን ክፍል ጠባይ ነጥሎ ያሳያል። እውነተኛው ሥራ ደግሞ ተጠቃሚው በእርግጥ የሚያገኘውን ያሳያል። አስተዋይ መዛኝ ሁለቱንም ይጠቀማል።

ሠ. የምዘናው ሥርዓት

አንድን ምዘና ለማካሄድ ቀጥሎ የተዘረዘሩትን ተግባሮች በቅደም ተከተል መፈጸም ያስፈልጋል።

1. ጥያቄውን መወሰን። «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ልቅ ነው። «ፋይል በማመቅ ሥራ የትኛው ይፈጥናል?» የሚለው ግን ሊለካ የሚችል ነው።

2. የማይለወጡትን ነገሮች መመዝገብ። የፕሮሰሰሩ፣ የራሙና የዲስኩ ዓይነት፣ የባዮሱ እትም፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ስምና የክፍሉ ሙቀት ሁሉ ይጻፋሉ።

3. የራሙን አሰካክና ፍጥነት ማረጋገጥ። ዲ.ዲ.አር. 4 የሚባለው ራም በ3,200 ፍጥነት ሲሠራ በአንድ መስመር በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያሳልፋል፤ በሁለት መስመር 51.2 ጊጋባይት ይሆናል። ሁለቱ ራሞች በአንድ መስመር ላይ ከተሰኩ ግን ይህ አቅም በግማሽ ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ በባዮሱ ውስጥ ካልታዘዘ በስተቀር ራሙ ከተጻፈበት ፍጥነት ዝቅ ብሎ ሊሠራ ይችላል።

4. ኮምፒዩተሩን ከሌላ ሥራ ማሳረፍ። በስውር የሚሠሩ ፕሮግራሞች፣ በተለይም ራሳቸውን የሚያድሱና ቫይረስ የሚፈልጉ፣ ውጤቱን ያዛባሉ።

5. ምዘናውን መደጋገም። አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ነገር እንደተለካ አይቆጠርም። ቢያንስ አምስት ጊዜ መለካት ይገባል።

6. በምዘናው ጊዜ ሙቀቱንና ፍጥነቱን መከታተል። በመጀመሪያው ደቂቃ ፈጣን የነበረ ኮምፒዩተር የቮልት መቀነሻዎቹ ሲግሉ በሃያኛው ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል። ስለሆነም አጭር ምዘና ብቻ ማካሄድ የማዘርቦርዱን ድካም ይሸፍናል።

ረ. ቁጥሮችን ማንበብ

በአንድ ማዘርቦርድ ላይ አንድን ፋይል አምስት ጊዜ አመቅን እንበል። የፈጀው ጊዜ በሰከንድ 200፣ 202፣ 198፣ 201 እና 199 ሆነ። አማካዩ 200 ሰከንድ ነው። በሁለተኛው ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ 198፣ 203፣ 197፣ 200 እና 197 ሆነ። አማካዩ 199 ሰከንድ ነው።

የቸኮለ ሰው «ሁለተኛው በአንድ ሰከንድ ይበልጣል» ይላል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሁለተኛው ማዘርቦርድ ከራሱ ጋር እንኳ ሲነጻጸር ከ197 እስከ 203 ባለው መካከል ይዋዥቃል። አንድ ነገር ከራሱ በስድስት ሰከንድ የሚለይ ከሆነ፣ ከሌላው በአንድ ሰከንድ መለየቱ ምንም አያስረዳም። ትክክለኛው ድምዳሜ «ልዩነት አላገኘንም» የሚለው ነው። ይህን ብሎ መጻፍ ሽንፈት አይደለም፤ ይልቁንም ገዢውን ከማያስፈልግ ወጪ የሚያድን ዕውቀት ነው።

አሁን ደግሞ በሦስተኛው ማዘርቦርድ ላይ 221፣ 219፣ 220፣ 222 እና 218 ሰከንድ ተገኘ እንበል። አማካዩ 220 ነው። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ከሌሎቹ ውጤቶች ጋር ፈጽሞ አይገናኙም። ስለዚህ እዚህ እርግጠኛ ልዩነት አለ፤ ሥራው ከመጀመሪያው ማዘርቦርድ 10 በመቶ የበለጠ ጊዜ ፈጅቷል። ይሁንና ማዘርቦርዱን ከመክሰሳችን በፊት ምክንያቱን መመርመር ይገባናል። ምናልባት ራሞቹ ሲዛወሩ በአንድ መስመር ላይ ተሰክተው ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የማዘርቦርዱ ሳይሆን የሰካው ሰው ነው። ልዩነት መኖሩን ማረጋገጥ አንድ ነገር ነው፤ የልዩነቱን ምክንያት ማወቅ ግን ሌላ ነው።

ሰ. ቁጥር ሲያሳስት

ከዚህ በላይ የተገለጸው ስሕተት ባለማወቅ የሚፈጸም ነው። ነገር ግን ማዘርቦርዱ ራሱ ሳይነገረን ሁኔታውን የሚለውጥበትም ጊዜ አለ።

የፕሮሰሰር ፍጥነት የሚገኘው 100 ሜጋኸርዝ የሆነውን መነሻ ምት በአንድ ቁጥር በማባዛት ነው። ማባዣው 45 ከሆነ ፍጥነቱ 4,500 ሜጋኸርዝ ይሆናል። ማዘርቦርዱ መነሻውን ምት 101 ቢያደርገው ግን ፍጥነቱ 4,545 ይሆናል። ተጠቃሚው ምንም ሳያዝ ውጤቱ በአንድ በመቶ ከፍ ይላል፤ በምዘና ሠንጠረዥ ላይም ያ ማዘርቦርድ አንደኛ ሆኖ ይቀመጣል።

ከዚህ የከበደ ምሳሌም አለ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ኮር አይ ዘጠኝ 13900ኬ የተሰኘውን ፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበ። ኩባንያው በገለጸው መሠረት የፕሮሰሰሩ መሠረታዊ የኃይል መጠን 125 ዋት፣ ከፍተኛው ደግሞ 253 ዋት ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ ማዘርቦርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ በባዮሳቸው ውስጥ የተጻፈው የኃይል ገደብ 4,096 ዋት ነበር። ይህን ያህል ኃይል የሚወስድ የቤት ኮምፒዩተር ስለሌለ የቁጥሩ ትርጉም «ገደብ የለም» ማለት ነው። እንዲህ የተዘጋጀ ማዘርቦርድ ገደቡን ካከበረው ማዘርቦርድ ጋር ሲወዳደር በከባድ ሥራ ላይ ከፍ ያለ ውጤት ያሳያል። ብልጫው የመጣው ግን ከሰሌዳው ጥራት ሳይሆን ከተለቀቀው ገደብ ነው። አንደኛው በሜዳ፣ ሌላው በዳገት ሮጧል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የዚህና የተከታዩ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ባለቤቶች ኮምፒዩተራቸው በሥራ መካከል እየተቋረጠ እንዳስቸገራቸው በብዛት አስታወቁ። ኢንቴል በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ባወጣው ማብራሪያ አራት ሁኔታዎችን ዘረዘረ። ከአራቱ አንዱ ማዘርቦርዶች ከኩባንያው መመሪያ በላይ ኃይል እንዲሰጡ ተደርገው መዘጋጀታቸው ነበር። የቀሩት ሦስቱ በዋናነት የኩባንያው የራሱ ከሆነውና ማይክሮኮድ ከሚባለው የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ትእዛዝ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ኩባንያው የማይክሮኮድ ማሻሻያ አወጣ፤ ለባለቤቶቹም የዋስትናውን ጊዜ በሁለት ዓመት አራዘመ። ይሁን እንጂ አስቀድሞ የተጎዳ ፕሮሰሰር በማሻሻያው የሚድን አልነበረም።

ጥፋቱን ሁሉ በማዘርቦርዶች ላይ መጫን ከእውነት የራቀ ይሆናል። ነገር ግን ጉዳዩ አንድ ትምህርት ይሰጠናል። ፍጥነትን ብቻ የሚያይ ሚዛን ፍጥነቱ የተገኘበትን ዋጋ አያሳይም። ሙቀቱን፣ የኃይል ፍጆታውንና ሥራው ያለ መቋረጥ መጠናቀቁን አብሮ ያልመዘገበ መዛኝ የጉዳዩን ግማሽ ብቻ ነግሮናል።

ሸ. መደምደሚያ

እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው ስፔክ የተባለው የምዘና ድርጅት፣ በእርሱ መመዘኛ የተገኘ ውጤት ሲታተም የተለካበት ሁኔታ አብሮ እንዲገለጽ በደንቡ ይጠይቃል። ይህ ደንብ ለኮምፒዩተር መሐንዲሶች ብቻ የተጻፈ መስሎ ሊታያችሁ አይገባም። እናንተም በድርሰታችሁ ውስጥ አንድን ቁጥር በማስረጃነት ስትጠቅሱ ማን እንደለካው፣ ምንን ከምን ጋር እንዳወዳደረ፣ ስንት ጊዜ እንደደጋገመና በምን ሁኔታ እንደሠራ መግለጽ ይገባችኋል። ሁኔታው ያልተነገረ ቁጥር ምስክርነቱ ደካማ ነው።

አበው «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» ይላሉ። በካርቶን ላይ የታተመ ትልቅ ቁጥርም እስኪጣራ ድረስ ወሬ ነው። ወሬውን ወደ ዕውቀት የሚለውጠው ሌላውን ሁሉ እኩል አድርጎ አንዱን ብቻ መለወጥ፣ መደጋገምና ያገኙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መጻፍ ነው።

መልመጃ

አንደኛ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።

1. ማዘርቦርድ ብቻውን ሊለካ የማይችለው ለምንድን ነው?
2. እ.ኤ.አ. ከ2003 እና ከ2008 በኋላ በማዘርቦርዶች መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት የጠበበበትን ምክንያት ግለጹ።
3. አማካያቸው 200 እና 199 ሰከንድ በሆነው በሁለቱ ማዘርቦርዶች መካከል «ልዩነት አላገኘንም» የተባለው ለምንድን ነው?
4. በባዮስ ውስጥ የተጻፈው 4,096 ዋት «ገደብ የለም» ማለት የሆነው እንዴት ነው?

ሁለተኛ. ለሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍች ጻፉ፤ በየቃሉም አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

ይዋዥቃል፣ ልቅ፣ ድርሻ፣ ገደብ፣ ይታሰራል

ሦስተኛ. በክፍል «ሀ» ውስጥ «ካል— በቀር» የሚል አገባብ ያለበትን ዐረፍተ ነገር ፈልጋችሁ አውጡ። በዚሁ አገባብ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ። በመቀጠልም «ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህ» እና «ነገር ግን» የሚሉት አያያዦች በምንባቡ ውስጥ የትኛውን ሐሳብ ከየትኛው ጋር እንዳያያዙ አስረዱ።

አራተኛ. ከቤታችሁ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስዱ ሁለት መንገዶችን ወይም ውኃ የሚፈላባቸውን ሁለት ምድጃዎች መርጣችሁ፣ በክፍል «ሠ» የተዘረዘረውን ሥርዓት ተከትላችሁ አወዳድሩ። ያገኛችሁትን ውጤት ከነሁኔታው በሁለት ገጽ አስረጂ ድርሰት ጻፉ። ልዩነት ካላገኛችሁም ያንኑ ጻፉ።